ኮርቻና የተቀማጩ ጤና፦ ስለ መንገድ ብስክሌት ኮርቻ አመራረጥ

መግቢያ

በዋግ ኽምራ ደጋ በብዙ ስፍራ ሰውና ዕቃ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚጓጓዙት በእግርና በጋማ ከብት ነው። ስለዚህም በሰቆጣና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ ስለ ኮርቻ ያለው ዕውቀት ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን በእንስሳቱ ጀርባ ላይ የታየ ነው። ኮርቻው ያልተስተካከለለት በቅሎ ወይም ኩርታኑ ያለቀበት አህያ ጀርባው ይላጣል፤ ውሎ አድሮም ይቆስልና «ገጣባ» ይባላል። አስተዋይ ባለቤት ታዲያ የገጣባውን ቁስል በማጠብና በመቀባት ብቻ አይወሰንም። ኮርቻውን ገልብጦ የትኛው ስፍራ እንደ ጫነው ይመረምራል፤ ምክንያቱ ካልተወገደ ቁስሉ ደርቆ ተመልሶ እንደሚያመረቅዝ ያውቃልና።

ይህ ልማድ ብስክሌት ነጂን ለሚያክም የጤና ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ብስክሌት የሚያዘወትር ሰው የብልት መደንዘዝ፣ የመቀመጫ ቁስል፣ የሽንት ማቃጠል ወይም የወሲብ ድክመት ይዞ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ የሚመረመረው ብዙውን ጊዜ ሰውየው ብቻ ነው፤ ብስክሌቱ ከበር ውጭ ተደግፎ ይቀራል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ በማያስፈልገው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታከማል፤ ሌላው ብስክሌት ጨርሶ እንዲተው ይመከራል፤ ሌላው ደግሞ በእፍረት ምክንያት ችግሩን ሳይናገር ይመለሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮርቻ ግፊት በሰውነት ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ ምቹ ኮርቻ የሚመረጥበትንና የሚስተካከልበትን ሥርዓት፣ እንዲሁም ከኮርቻ ጋር የተያያዙ ሕመሞችን አያያዝ ለጤና ባለሙያዎች ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ብስክሌት በሀገራችን

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመቀሌው ተወላጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአማራ ክልል በተለይ በባሕር ዳር፣ የከተማዋ ሜዳማነት ስለሚያመች፣ ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ እንደ ሆነ ይታወቃል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ የመንገድ ቀንም ብዙ ሰዎችን ከብስክሌት ጋር አስተዋውቋል።

ሰቆጣ ለጤና ባለሙያው ይበልጥ የምትታወቀው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስወገድ በገባው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። መልክዐ ምድሯ ግን ለብስክሌት ነጂ የተለየ ፈተና ያቀርባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ አካባቢዋ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ዳገት የሚወጣ ነጂ በዝግታ እየመታ ለረዥም ጊዜ ሳይነሣ ይቀመጣል፤ በጠጠር መንገድ የሚሄድም የመንገዱን ንዝረት በመቀመጫው ይቀበላል። በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ለአጭር ጉዞ የሚታገሡት ኮርቻ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የሰውነት ክብደት የት ያርፋል?

በሀገራችን የሚሠራው የበቅሎና የፈረስ ኮርቻ የእንጨት አካል በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ገበታዎች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው አከርካሪው የማይነካበት ክፍተት ይተዋል። ጭነቱን የሚሸከሙት በሁለቱ ጎኖች ያሉት ጡንቻዎችና የጎድን አጥንቶች ናቸው። የኮርቻው ጥበብ ሸክሙን መሸከም በሚችለው ስፍራ ላይ ማሳረፍና መሸከም የማይችለውን ነፃ ማድረግ ነው።

የብስክሌት ኮርቻም የሚመዘነው በዚሁ መርሕ ነው፤ ልዩነቱ የሚጎዳው ከሥር ያለው እንስሳ ሳይሆን ከላይ ያለው ሰው መሆኑ ነው። በሰው ዳሌ የታችኛው ክፍል በግራና በቀኝ ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች (ኢስኪያል ቲዩበሮሲቲ) ይገኛሉ። እነዚህ አጥንቶችና የሚሸፍኗቸው ሕብረ ሕዋሳት የተቀመጠን ሰው ክብደት ለመሸከም የተዘጋጁ ናቸው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ ከብልት እስከ ፊንጢጣ ያለው ስፍራ (ፔሪኒየም) ግን ለዚህ ተግባር አልተፈጠረም። በዚህ ስፍራ የሽንት ቧንቧ፣ የወንድ ብልት ሥር፣ እንዲሁም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የሳክራል ነርቮች የሚመነጨው የፑደንዳል ነርቭ ቅርንጫፎችና አብሮት የሚሄደው የደም ቧንቧ ይገኛሉ። ነርቩና የደም ቧንቧው አልኮክ በሚባለው ቦይ ውስጥ አጥንቱን ታክከው ስለሚያልፉ ከታች በሚመጣ ግፊት በቀላሉ ይጨፈለቃሉ።

ኮርቻው ከሁለቱ አጥንቶች መካከል ካለው ርቀት ከጠበበ አጥንቶቹ በጎኑ ይወርዱና ኮርቻው እንደ ሽብልቅ በመካከላቸው ይገባል። ነጂው ወደ መሪው በጣም ሲያጎነብስም ዳሌው ወደ ፊት ይሽከረከርና ክብደቱ ከመቀመጫ አጥንቶች ወደ ፊተኛው ክፍል ይሸሻል። በሁለቱም ሁኔታዎች ነርቩ ሲጨቆን መደንዘዝ፣ የደም ዝውውሩ ሲቀንስ ደግሞ የሕብረ ሕዋሳት የኦክስጅን እጥረት ይከተላል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች አንዱ፣ ዘወትር በፈረስ የሚቀመጡት የእስኩቴስ ሰዎች ለወሲብ ድክመት የሚጋለጡ መሆናቸውን ከግልቢያ ጋር አያይዞ ይገልጻል። የብስክሌት ኮርቻም የመጣው ከዚያው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዝ ሀገር በበርሚንግሃም የፈረስ ዕቃና የቆዳ ውጤቶች ሠሪ ድርጅት የመሠረተው ጆን ቦልትቢ ብሩክስ፣ እንደሚነገረው ፈረሱ ሞቶበት በብስክሌት መሄድ ሲጀምር መቀመጫው ስላስቸገረው የቆዳ ኮርቻ ሠርቶ በ1882 የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል።

ለስላሳ ኮርቻ ሁሉ ምቹ አይደለም

ብዙ ሰዎች መቀመጫቸው ሲያማቸው ወፍራምና ለስላሳ ኮርቻ ይፈልጋሉ፤ ወይም በነበረው ላይ ስፖንጅ ይደርባሉ። ይህ ለአጭር ጉዞ ደስ ቢያሰኝም ለረዥም ጉዞ ጎጂ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ሲቀመጥ ሁለቱ አጥንቶች በለስላሳው ንጣፍ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ያልሰመጠው የንጣፉ መካከለኛ ክፍል ደግሞ ወደ ላይ ይነሣና በትክክል መነካት የሌለበትን ስፍራ ይገፋል።

ይህንን የሚያስረዱ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የጀርመን ተመራማሪዎች ጤነኛ ወንዶችን በልዩ ልዩ ኮርቻዎች ላይ አስቀምጠው በብልት ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ለክተዋል። ጠባብና በወፍራም ንጣፍ የተሸፈነው ኮርቻ መጠኑን ከ80 በመቶ በላይ ሲቀንሰው፣ ሰፊውና ንጣፍ የሌለው ኮርቻ የቀነሰው በ20 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ወሳኙ የንጣፉ ልስላሴ ሳይሆን የኮርቻው ስፋት፣ ይኸውም አጥንቶቹ ድጋፍ ማግኘታቸው መሆኑን ነው።

በአሜሪካ በብስክሌት የሚዘዋወሩ ፖሊሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ደግሞ የፊተኛ ጫፍ (አፍንጫ) የሌለው ኮርቻ ለስድስት ወራት ሲጠቀሙ ምን እንደሚለወጥ ተመልክቷል። በሚነዱበት ጊዜ መደንዘዝ የማይሰማቸው ፖሊሶች ከ27 በመቶ ወደ 82 በመቶ ከፍ ብለዋል። ሰዎቹና ሥራቸው ያው ሆነው ሳለ ኮርቻው ብቻ መለወጡ ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ሊጤን የሚገባው ነው።

በሌላ በኩል የጤና ባለሙያው ሕዝቡን ከብስክሌት እንዳያስፈራራ መጠንቀቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ2,700 በላይ ብስክሌት ነጂ ወንዶችን ከዋናተኞችና ከሯጮች ጋር ያነጻጸረ ጥናት የነጂዎቹ የወሲብና የሽንት ጤና በጠቅላላው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አላገኘውም፤ ይሁን እንጂ የብልት አካባቢ መደንዘዝና የሽንት ቧንቧ መጥበብ በነጂዎቹ ላይ በብዛት ታይቷል። ከጉዞው ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ከኮርቻው ተነሥተው የሚነዱትና መሪያቸው ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ ያለላቸው ነጂዎች የሚደነዝዙት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ብስክሌት ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ቁጥጥር የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ በመሆኑ ተገቢው ምክር «ተው» ሳይሆን «አስተካክል» ነው።

ኮርቻ እንዴት ይመረጣል?

1. ስፋት። በቅድሚያ የሚለካው በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት ነው። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የመድኃኒት ማሸጊያ የሆነ ባለ ድርብ ካርቶን በጠንካራና ደልዳላ አግዳሚ ወንበር ወይም መደብ ላይ ይነጠፋል። ተመርማሪው ስስ ልብስ ለብሶ ይቀመጥበታል፤ ተረከዙን በመጠኑ አንሥቶ፣ ብስክሌት ላይ እንዳለ ሆኖ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ አንድ ደቂቃ ያህልም ይቆያል። ሲነሣ በካርቶኑ ላይ ሁለት ጉድጓዶች ይታያሉ። ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለካል። አጎንብሶ ለሚነዳ የመንገድ ብስክሌት ተጠቃሚ በዚህ ላይ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፤ ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ደግሞ ከዚህ በለጥ ይላል። ለምሳሌ ርቀቱ 11 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለመንገድ ብስክሌት በኋለኛው ክፍል ወደ 13 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ኮርቻ መነሻ ይሆናል። የአጥንቶቹ ርቀት ከሰውየው ውፍረት ጋር የግድ አይሄድም፤ ቀጭን ሰው ሰፊ ዳሌ፣ ወፍራም ሰው ጠባብ ዳሌ ሊኖረው ይችላልና በዓይን መገመት አይበቃም።

2. ቅርጽ። በመካከሉ ቦይ ወይም ክፍተት ያለው ኮርቻ በፔሪኒየም ላይ የሚያርፈውን ግፊት ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ክፍተቱ የሚጠቅመው ስፋቱ ሲመጥን ነው። ኮርቻው ጠባብ ከሆነ የክፍተቱ ጠርዝ ራሱ ነርቩ በሚያልፍበት ስፍራ ላይ ያርፋል። ከኋላ ሲታይ የኮርቻው ኋላ ክፍል ከሞላ ጎደል ደልዳላ መሆን አለበት፤ በጣም የጎበጠ ጀርባ ያለው ኮርቻ ክብደቱን ወደ መሐል ይሰበስባል።

3. ንጣፍ። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት የሚለግም ነገር ግን የማይሰምጥ ንጣፍ ይመረጣል። በአካባቢያችን እንደሚደረገው በኮርቻው ላይ አጎዛ መደረብ የቆዳ ፍትጊያን ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም አጎዛው የኮርቻውን ቦይ እንዳይሞላና እንዳይንሸራተት በደንብ መታሰር አለበት። ወፍራም ስፖንጅ መደረብ ግን ቀደም ሲል በተገለጸው ምክንያት አይመከርም። ከመቀመጫ አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ የሳሳ ሰው የአጥንት ሕመም ቶሎ ስለሚሰማው፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ንጣፉን ከኮርቻው ይልቅ በልብሱ ላይ ማድረግ ይሻላል።

4. የተሠራበት ነገር። ንጹሕ የቆዳ ኮርቻ ሲገዛ ደረቅ ቢሆንም ቀስ በቀስ የነጂውን የአጥንት ቅርጽ ይይዛል። ዝናብ ስለሚያበላሸው በክረምት መሸፈን ያስፈልገዋል፤ ረግቦ መሐሉ የወደቀ የቆዳ ኮርቻም ካልተወጠረ በቀር አያገለግልም። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ኮርቻ አብሮ መውረስ አይገባውም። ከኮርቻው ሥር ያሉት ሁለት የብረት ዘንጎች በአብዛኛው ብስክሌት 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላቸው አንዱን ኮርቻ በሌላ መተካት በአንድ ቁልፍ የሚፈጸም ሥራ ነው።

5. ሙከራ። ኮርቻ የሚመዘነው በሱቅ ውስጥ በሚደረግ የአምስት ደቂቃ መቀመጥ አይደለም። አዲስ ኮርቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሁለቱ አጥንቶች ላይ መጠነኛ ሕመም ቢያመጣ የሚጠበቅና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የሚለቅ ነው። በመሐል የሚሰማ መደንዘዝ ግን የሚለመድ ነገር አይደለም። ለነጂው ሊነገረው የሚገባ ቀላል መመሪያ «አጥንትህን ቢያምህ ታገሥ፤ ቢደነዝዝህ ቁምና አስተካክል» የሚል ነው።

ኮርቻን ማስተካከል

በሚገባ የተመረጠ ኮርቻ በአግባቡ ካልተስተካከለ እንደ መጥፎ ኮርቻ ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ ኮርቻ እንዲገዛ ከመምከር በፊት ያለውን ማስተካከል ወጪ የማያስከትል የመጀመሪያ ሕክምና ነው።

ከፍታ፦ ነጂው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ ጉልበቱ ቀጥ ማለት አለበት። በእግሩ ፊተኛ ክፍል ሲረግጥ ጉልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። በቁጥር ለመሥራት ለሚፈልግ፣ ጫማ አውልቆ ከመሬት እስከ ብሽሽት ያለው የእግር ርዝመት በ0.883 ሲባዛ ከፔዳሉ መዞሪያ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ርቀት ይሰጣል፤ እግሩ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ወደ 70.6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ኮርቻው በጣም ሲረዝም ዳሌው በእያንዳንዱ ምት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ቆዳው ይላጣል፤ በጣም ሲያጥር ደግሞ እግሮቹ ክብደት ስለማይጋሩ ሸክሙ ሁሉ በመቀመጫው ላይ ይወድቃል፤ ጉልበትም ይታመማል።

ዝንባሌ፦ ኮርቻው ደልዳላ ሆኖ መነሣት አለበት። አፍንጫው ወደ ላይ የተነሣ ኮርቻ ለመደንዘዝ ዋና ምክንያት ነው። እንደ ዋግ ባለው ተራራማ ስፍራ ይህ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ብስክሌቱ በሙሉ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ በሜዳ ላይ የተስተካከለው ኮርቻ በዳገቱ አፍንጫው የተነሣ ይሆናል። ስለዚህ ዳገት የሚያዘወትር ነጂ አፍንጫውን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ ቢያደርገው ይጠቅመዋል። ከዚህ በላይ ማዘንበል ግን ሰውየውን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፤ ክብደቱም በመዳፉ ላይ ስለሚወድቅ የአልናር ነርቭ ተጨቁኖ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ።

ወደ ፊትና ወደ ኋላ፦ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ሲሆኑ ከፊተኛው ጉልበት ጫፍ የሚወርድ ቱምቢ በፔዳሉ መሐል ገደማ ቢያርፍ ለመነሻ ይበቃል።

የመሪው ከፍታ፦ ለውድድር ካልሆነ በስተቀር መሪውን ከኮርቻው ጋር እኩል ማድረግ ይመረጣል። የመንገድ ብስክሌት መሪ ዝቅ ማለቱ ነጂውን ለነፋስ ቢያስመቸውም ዳሌውን ወደ ፊት ያሽከረክራል።

ከማስተካከል ባሻገር ልማድም ወሳኝ ነው። በቅሎ ተቀማጭ በእርካቡ ላይ እንደሚቆም ሁሉ፣ ብስክሌት ነጂም በየአሥር ደቂቃው ለጥቂት ጊዜ በፔዳሎቹ ላይ መቆም፣ በጠጠርና በጉድጓድ ላይም ሁልጊዜ መነሣት ይገባዋል። ጎማው ከሚገባው በላይ አለመነፋቱም ንዝረቱን ይቀንሳል።

የሴቶች ሁኔታ

በሴቶች በመቀመጫ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል። ስለዚህ ለወንድ ተብሎ በተሠራ ጠባብ ኮርቻ ላይ የምትቀመጥ ሴት ለጉዳት ትጋለጣለች። በሴቶች የሚታየው የብልት ከንፈር እብጠት፣ መላላጥ፣ መደንዘዝና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት መሪያቸው ከኮርቻቸው ዝቅ ያለ ሴት ነጂዎች በፔሪኒየማቸው ላይ ከፍተኛ ግፊት እንደሚያርፍና የስሜት መቀነስ እንደሚታይባቸው አመልክቷል።

በሀገራችን ሁኔታ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች መታሰብ አለባቸው። የመጀመሪያው የሴት ልጅ ግርዛት ጠባሳ ነው። ጠባሳው ያለበት ስፍራ ለፍትጊያና ለግፊት ስሱ ከመሆኑም ሌላ በሥሩ የቋጠረ ፈሳሽ ወይም የነርቭ እብጠት ሊኖር ስለሚችል፣ ኮርቻ ላይ ስትቀመጥ ብቻ የሚያማት ሴት በአክብሮትና በፈቃዷ መመርመር ይገባታል። ሁለተኛው በወሊድ ጊዜ የደረሰ የፔሪኒየም መቀደድ ወይም የፊስቱላ ጥገና ነው፤ ቁስሉ በሚገባ እስኪድን ድረስ ብስክሌት አይመከርም። ልጃገረዶች ስለ እነዚህ ምልክቶች ለወንድ ባለሙያ ለመናገር ሊያፍሩ ስለሚችሉ፣ በሚቻልበት ሁሉ ሴት ባለሙያ ብታነጋግራቸው መልካም ነው።

ሕመሞቹና አያያዛቸው

መደንዘዝ፦ በጉዞ ላይ የሚጀምርና ከኮርቻው ከወረዱ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ ከሆነ ኮርቻውን ማስተካከል በቂ ነው። ለሰዓታት ወይም ለቀናት የሚቆይ ከሆነ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ድረስ ብስክሌቱን ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላም ካልለቀቀ፣ ወይም ብስክሌት በማይነዳበት ጊዜ የሚመጣ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ፣ በተለይም የደም ስኳር መለካት ይገባል።

የወሲብ ድክመት፦ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሳምንት ከ3 ሰዓት በታች መንዳት ከብልት አለመቆም ጋር እንደማይያያዝ፣ ከ3 ሰዓት በላይ መንዳት ግን ሊያያዝ እንደሚችል አመልክቷል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍትና የኮርቻ ለውጥ ይታዘዛል፤ ይሁን እንጂ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና የመንፈስ ጭንቀት ሳይጣሩ ነገሩን ሁሉ በኮርቻ ማሳበብ ስሕተት ነው።

የመቀመጫ ቁስል፦ በመላላጥ ይጀምራል፤ ከዚያም የፀጉር ሥር ብግነት፣ ብጉንጅ፣ በመጨረሻም መግል የቋጠረ እብጠት ይሆናል። በመጀመሪያው ደረጃ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ማድረቅና የጥቂት ቀናት ዕረፍት ይበቃል። መግል ሲቋጥር ሕክምናው ከፍቶ ማውጣት ነው፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚያስፈልገው በዙሪያው ያለው ቆዳ ሲቀላና ሲያብጥ ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው። በተደጋጋሚ የሚመለስ ብጉንጅ የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራን ይጠይቃል። ለመከላከል፣ ነጂው ስፌቱ በመቀመጫው ላይ የማያርፍ፣ የተጣበቀና ንጣፍ ያለው ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ቢለብስ፣ በሚታሸው ስፍራ ላይ ቫዝሊን ቢቀባ፣ እንደ ደረሰም ላብ ያራሰውን ልብስ ቢያወልቅ ይረዳዋል። ውኃ በሚያጥርበት ስፍራ ቢያንስ ቁምጣው በየጉዞው ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት።

የሽንት ማቃጠል፦ ከረዥም ጉዞ በኋላ የሚመጣና በአንድ ሁለት ቀን የሚጠፋ ማቃጠል የሽንት ቧንቧ መታሸት ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ፣ ትኩሳት ወይም የብልት ቁስል ካለ ግን በአባላዘር በሽታዎች አያያዝ መመሪያ መሠረት መታከም አለበት። የሽንት ምርመራ ሳይደረግ ወይም የጉዞ ታሪክ ሳይጠየቅ መድኃኒት መደጋገም አይገባም።

በአስቸኳይ የሚላኩ ሕመምተኞች

በሕክምና ቋንቋ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ የሚከሰት የስሜት ማጣት «የኮርቻ ድንዛዜ» ይባላል፤ ከወገብ በታች ያሉት የነርቭ ሥሮች መጨቆን (ኮዳ ኢኳይና ሲንድረም) ዋና ምልክት ነው። ሕመምተኛው ብስክሌት ነጂ በሚሆንበት ጊዜ ይህ ስያሜ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ከመደንዘዙ ጋር የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል፣ የሽንት መታገድ ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ካለ ምክንያቱ የብስክሌት ኮርቻ ነው ብሎ መመለስ ሰውየውን ለዘላቂ ሽባነት መዳረግ ነውና ያለ መዘግየት መላክ አለበት።

እንዲሁም በብስክሌቱ ብረት ላይ ተንፈራጥጦ የወደቀ ሰው ከሽንት ቧንቧው አፍ ደም ከታየበት የቧንቧ መቀደድ ስለሚጠረጠር ካቴተር በጭፍን አይገባለትም። ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ የማይወርድ የብልት መቆም፣ የዘር ፍሬ ድንገተኛ ሕመም ወይም ጠንካራ እብጠት ያለበትም «ኮርቻ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በዋግ ኽምራ ካለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንዲህ ያሉት ሕመምተኞች በሰቆጣ ከተማ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ እንደ ሁኔታውም ከዚያ በላይ ወዳለው ደረጃ ይላካሉ።

ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ሕመምተኛው ብስክሌት እንደሚነዳ ራሱ ላይናገር ስለሚችል ባለሙያው መጠየቅ ይኖርበታል። በሳምንት ስንት ሰዓት ይነዳል? የሚነዳው በሜዳ ነው ወይስ በዳገት? ሕመሙ በአጥንቶቹ ላይ ነው ወይስ በመሐል? ከኮርቻው ከወረደ በኋላ በስንት ጊዜ ይለቀዋል? ኮርቻውን ወይም ብስክሌቱን በቅርብ ለውጧል? ጥያቄዎቹ በሕክምና ቃላት ሳይሆን ሕመምተኛው በሚገባው አነጋገር መቅረብ አለባቸው፤ ኽምጣና ተናጋሪ ለሆነም በቋንቋው ቢጠየቅ የሚያፍርበትን ነገር በቀላሉ ይገልጻል። በመጨረሻም ባለሙያው ወደ ግቢው ወጥቶ ሕመምተኛው በብስክሌቱ ላይ ሲቀመጥ ይመልከት፤ የኮርቻው ዝንባሌ፣ የጉልበቱ መታጠፍና የመሪው ከፍታ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይታያሉ።

መደምደሚያ

ምቹ ኮርቻ ማለት ለስላሳ ኮርቻ ማለት አይደለም፤ ክብደትን በመቀመጫ አጥንቶች ላይ አሳርፎ ነርቭና የደም ቧንቧ የሚያልፉበትን ስፍራ ነፃ የሚያደርግ ኮርቻ ነው። ይህንን ለማግኘት ካርቶን፣ ማስመሪያና አንድ ቁልፍ ይበቃሉ፤ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። መደንዘዝ በጊዜ ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ችላ ሲባል ግን ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ብስክሌት የሚያዘወትር ሕመምተኛ ከመቀመጫው በታች ስላለው ችግር በሚያማክርበት ጊዜ ምርመራው ኮርቻውንም ሳይጨምር ተሟልቷል ሊባል አይችልም።